ሆድ ሲብስ አንጎል ላይ የሚታየው

መንዝ ውስጥ የከፋው ሰው «አንጎሌን አመመኝ» አይልም። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ይላል፤ «ሆድ ባሰኝ» ይላል፤ ሲጠናበት «ሆዴ ተቃጠለ»። ታጋሹ ሆደ ሰፊ ነው፣ እንባ የሚቀርበው ሆደ ቡቡ ነው፣ የማይወራው ነገር ሆድ ይፍጀው ይባላል። ጊሼም መርሐቤቴም ያው ነው፤ አማርኛ ሐዘንን ያስቀመጠው ከአንገት በታች ነው። «አእምሮ» የሚለው ቃል የሚመጣው ሰውየው ልብሱን ጥሎ መንገድ ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት ያለው፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ እህል አልበላ ማለቱ፣ ከሰው መሸሹ፣ ዛሬ ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት፣ የሆድ ጉዳይ ሆኖ ይኖራል።

አሜሪካዊቷ የነርቭ ሐኪም ሔለን ሜይበርግ ይህን አማርኛ ይሰሙታል ብዬ አልገምትም። ግን ዕድሜያቸውን የፈጁበት ጥያቄ ከእኛው ሩቅ አይደለም፦ ሰው ሲከፋው፣ የሚከፋው የቱ ጋ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1999 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ባሳተሙት ጥናት ጤነኛ ሰዎች በሕይወታቸው ያዘኑበትን ነገር እንዲያስታውሱ ተደረገ፤ ሐዘኑ መጥቶ ፊታቸው ላይ ሲያጠላ አንጎላቸው ፔት በተባለ መሣሪያ ተነሣ። የፔት አሠራር ቀላል ነው። ደካማ ጨረር ያለበት ውሃ ወይም ስኳር በደም ሥር ይሰጣል፤ አንጎል ውስጥ ጠንክሮ የሚሠራው ክፍል ብዙ ይወስዳል፤ ቅቤ የበላ ከንፈሩ እንደሚያጋልጠው፣ ጨረሩ የወሰደውን ያጋልጠዋል። ከዚህ የተለየው ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ በኃይለኛ ማግኔት ከሰውነታችን ውሃ ምልክት እየሰበሰበ ምስል ይሠራል።

የታየው ይህ ነበር። ሐዘኑ ሲመጣ ከግንባር ኋላ በመሐል መስመር ጠለቅ ብሎ ያለ ትንሽ ቦታ ጋለ። ጀርመናዊው ኮርቢኒያን ብሮድማን በ1909 የአንጎልን ሽፋን በቁጥር ሲከፋፍል 25 ብሎት ነበር። በዚያው ቅጽበት በጎን በኩል ያለው፣ ሰው የሚያቅድበትና ትኩረቱን የሚይዝበት የፊተኛው አንጎል ቀዘቀዘ። መድኃኒት ወስደው ከድባቴ በዳኑ ሰዎች ላይ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፦ 25 ረገበ፣ ፊተኛው ነቃ። ከ25 ጋር አብሮ የጋለ ሌላ ክፍልም ነበር፤ ስሙ ኢንሱላ ነው። እሱን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሜይበርግ ቀጥለው የደፈሩት ነገር ብዙዎችን አስደንግጧል። በመድኃኒትም በንግግር ሕክምናም በኤሌክትሪክ ንዝረትም አልመለስ ያለ ድባቴ ካለ፣ ያንን የጋለ ቦታ በቀጥታ ለምን አንነካውም? ከቀዶ ሐኪሙ አንድሬስ ሎዛኖ ጋር በካናዳ፣ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2003 ጀመሩ። ስስ ሽቦ ወደ 25 አካባቢ ይገባል፤ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ከተቀበረ ባትሪ በሰከንድ 130 ጊዜ የሚመታ ደካማ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። በሽተኛው ሽቦው ሲፈተሽ ነቅቶ ነው፤ ያወራል። በ2005 ሲታተም ከስድስቱ በሽተኞች አራቱ ከስድስት ወር በኋላም ተሽሏቸው ነበር። አንዳንዶቹ ገና በቀዶ ጠረጴዛው ላይ ሳሉ ድንገት እርጋታ እንደተሰማቸው፣ የክፍሉ ቀለም እንኳ እንደደመቀላቸው ተናግረዋል።

እዚህ ላይ ላልፈው የማልፈልገው አጋጣሚ አለ። በዚያው በ2003፣ ከዚያው ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ የአእምሮ ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ መመላለስ ጀመሩ። ሽቦ አልያዙም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ለማሠልጠን ወስኖ ነበርና በዓመት ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ወር እየቆዩ ከእነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ጋር አስተማሩ። እስከዚያ ድረስ ኢትዮጵያዊ የአእምሮ ሐኪም የሚሆነው ባሕር ማዶ ተሻግሮ ነበር፤ በመላ አገሪቱ የነበሩት ደርዘን አይሞሉም፤ አብዛኛው ሸክም የነበረው በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቋቋመው በአማኑኤል ሆስፒታል ላይ ነው። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓመት ሁለት መንገድ ወጣ፤ አንዱ ስድስት ሰው አንጎል ውስጥ ገባ፣ ሌላው አዲስ አበባ ገብቶ ሐኪም አፈራ። ለመንዝ የቱ ይቀርባል ብትሉኝ አላመነታም። ግን የመጀመሪያውም ባዕድ አይደለም።

የሽቦው ነገር እንደ አጀማመሩ አልዘለቀም። 90 በሽተኞች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ተደረገ፤ ሁሉም ሽቦ ገብቶላቸው የሲሶው መሣሪያ ሳይከፈት ቆየ፤ ማን እንደተከፈተለት በሽተኛውም መርማሪውም አያውቁም። ከስድስት ወር በኋላ ከተከፈተላቸው 20 በመቶ፣ ካልተከፈተላቸው 17 በመቶ ተሻላቸው። ሙከራው ቆመ፤ ውጤቱ በ2017 ታተመ። የሚገርመው፣ መሣሪያው ሳይወጣላቸው የቀጠሉት ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጉት መሻላቸው ነው። ይህ ሕክምና የሚቸኩል አይመስልም። ሜይበርግም ተስፋ አልቆረጡም፤ በ2023 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት በ10 ሰዎች ላይ ከሽቦው ራሱ የአንጎልን ምልክት እያነበቡ፣ መዳንን ከመታመም የሚለይ አንድ ምልክት አገኙ። ምልክቱ ሲለወጥ የሰዎቹ የፊት ገጽታም በቪዲዮ ተለውጦ ታየ። ይሄን ሳነብ ፈገግ አልኩ። አገር ቤት «ዛሬስ ፊትህ ፈታ ብሏል» የምትል ጎረቤት ኮምፒውተር አልነበራትም።

አሁን ወደ ኢንሱላ። በ2013 እነ ሜይበርግ ይበልጥ የሚጠቅም ጥያቄ ጠየቁ፦ ለየትኛው ሰው ኪኒን፣ ለየትኛው ንግግር? ሕክምና ያልጀመሩ የድባቴ በሽተኞችን አስቀድመው በፔት አነሡ፤ ከዚያ በዕጣ ለገሚሱ ኤስሲታሎፕራም የተባለውን ኪኒን፣ ለገሚሱ የንግግር ሕክምና ሰጡ። በቀኝ በኩል ያለው የኢንሱላ ፊተኛ ክፍል ቀዝቅዞ የተገኘባቸው በንግግር ዳኑ፣ ኪኒኑ ግን እምብዛም አልረዳቸውም፤ ግሎ የተገኘባቸው በኪኒኑ ዳኑ፣ ንግግሩ አልረዳቸውም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሕክምና ቤት ውስጥ ለመጠቀም ገና ነው።

ኢንሱላ ምን ይሠራል? ከውስጥ የሚመጣውን ይሰማል፤ የልብ ምትን፣ የጨጓራን መጨበጥ፣ ረኀብን፣ ትንፋሽን። አንጎል ውስጥ የሆድን ወሬ የሚቀበል ክፍል ነው። እንግዲህ በዓለም ውድ ከሚባሉት የሕክምና መሣሪያዎች አንዱ ሐዘንን አንጎል ውስጥ ፈልጎ ካገኘባቸው ቦታዎች አንዱ ሆድ የሚደመጥበት ሆነ። አማርኛው ቀድሞ ያውቅ ነበር ብዬ አላጋንንም። ግን «ሆድ ባሰኝ» ተረት እንዳልሆነ ማወቄ ይበቃኛል።

ፔት መንዝ አይደርስም። ስኳሩ ላይ ያለው ጨረር በ110 ደቂቃ በግማሽ ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ቢመረት እንኳ በመኪና 130 ኪሎ ሜትር ያለው ደብረ ብርሃን ሲደርስ ገሚሱ አልቋል፤ የመንዙ መሐል ሜዳማ ከዚያም በላይ ይርቃል። ኤምአርአይ ደግሞ የድባቴ ምርመራ አይደለም፤ ሐኪም የሚያዘው እጢ ወይም ደም መፍሰስ እንዳይሆን ለማጣራት ነው። በግ ሸጦ፣ ሲብስም በሬ ሸጦ ከተማ የወረደ ሰው «ንጹሕ ነው፣ ምንም የለህም» ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ። ምስሉ ንጹሕ ነው ማለት ሰውየው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ይህን ማንም ሳይነግረው ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ወረደ። ጠበሉ ሰላም ሰጥቶት ይሆናል፤ በዚያ ላይ ኪኒኑንም ቢወስድ የሚጣላ ነገር የለውም።

ለጤና ጣቢያ የሚስማማው መሣሪያ አንድ ወረቀት ነው። ዘጠኝ ጥያቄ አለው፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስታ ማጣትን፣ እንቅልፍን፣ ድካምን፣ ምግብን፣ ራስን መጥላትን፣ መሞት መመኘትን ሳይቀር ይጠይቃል፤ ውጤቱ እስከ 27 ይደርሳል። የአማርኛው ቅጂ አዲስ አበባና ቡታጅራ ላይ ተፈትኗል። በሶዶ ወረዳ ከ2011 ጀምሮ በእነ አበባው ፈቃዱና ሻርሎት ሃንሎን በተሠራው ሥራ የጤና ጣቢያ ነርሶች የአእምሮ ሕመምን ማከም እንዲችሉ ሠልጥነዋል። አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን በአገራችን መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። ችግሩ ድባቴ በር ላይ ሲደርስ ስሙን አለመናገሩ ነው። «ጨጓራዬ ነው» ይላል፤ «ራሴን ይከፍለኛል» ይላል፤ ነርሷ የጨጓራ መድኃኒት ትጽፋለች፤ ስለዚህ አብዛኛው ሳይታይ ያልፋል።

ሥራው የሚጀምረው ሆድን አምኖ በመስማት ይመስለኛል። ባና የደረቡ አንዲት እናት በክረምት ብርድ ከቀበሌያቸው ጤና ጣቢያ ድረስ መጥተው ተቀመጡ እንበል።

«ምን ሆኑ እማማ?»

«ሆዴን፣ የኔ ልጅ። ያቃጥለኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ልጄ ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ።»

ነርሷ የምትጽፈውን አቆመች፤ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እንቅልፍዎስ?»