የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት እና የታሪካዊ ስፍራዎች ጥበቃ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሆለታ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ዕጩ መኮንኖቹ ሥልጠናቸውን ሳይፈጽሙ የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ደረሰ። ከእነርሱም ከፊሎቹ የጥቁር አንበሳን የአርበኞች ድርጅት ተቀላቅለው በ1928 ዓ.ም. በወለጋ፣ ቦናያ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች በማቃጠል ታሪክ ሠሩ።

እንዲህ ያለው ታሪክ በመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን በስፍራው በሚቆም ሕንፃ፣ ሐውልትና የመታሰቢያ ጽሑፍም ለትውልድ ይተላለፋል። ምልክቱ ከቦታው ሲነሣ የስፍራው ትርጉም አብሮ ይደበዝዛል። ስለሆነም በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት፦

• የተመዘገበ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ከቦታው አይነሣም።
• የቅርስ ጥገናና እድሳት የሚከናወነው አስቀድሞ የባለሥልጣኑ ፈቃድ ሲገኝ ነው።
• በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ማሳወቅና ቅርሱን እስኪያስረክብ ድረስ ሳይነካ መጠበቅ ይኖርበታል።

በመካነ ኢየሱስም ሆነ በሌላ አካባቢ የምትኖሩ ተገልጋዮች ጥቆማችሁንና ጥያቄያችሁን በወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል ማቅረብ ትችላላችሁ።