ተጨማሪ መረጃ፦ ስኩተርን በትንሽ መኪና ስለ መጫን
በ1968 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በሚሺጋን፣ መራመድ ለተሳነው የሠሪው ቤተሰብ አባል ተብሎ የተሠራው አሚጎ የተባለው ባለኤሌክትሪክ ስኩተርና ከእርሱም በኋላ የመጡት አምሳያዎቹ ለብዙ ድኩማን የእግር ምትክ ቢሆኑም፣ በትንሽ መኪና ይዞ ለመጓዝ የሚሻ ቤተሰብ ከክብደታቸው ጋር መታገሉ አይቀርም። 50 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ስኩተር ሽቅብ ለማንሣት 490 ኒውተን ያህል ኃይል የሚያስፈልግ ሲሆን፣ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለው የመኪናው የኋላ ደፍ ላይ 180 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም መወጣጫ ተጋድሞ ቢገፋ ግን፣ ሰበቃው ካልታሰበ፣ ሲሶው፣ ማለት 163 ኒውተን ገደማ፣ ይበቃል፤ ሥራው ግን ከቶ አልቀነሰም፣ ኃይሉ ያነሰውን ያህል መንገዱ ረዝሟልና። ተፈታትቶ የሚጫነው ዓይነት መወጣጫ አያሻውም፤ ይሁን እንጂ የሚያነሣው ሰው ራሱ አረጋዊ ሊሆን ስለሚችል፣ ገዢው የጠቅላላውን ሳይሆን ከሁሉ የሚከብደውን ክፍል ክብደት አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።