«ትሬስፓስ»፡ ድንበር ማለፍና በደል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን፡፡

በውጭው ዓለም የሚያድጉ ልጆቻችን አቡነ ዘበሰማያትን በእንግሊዝኛ ሲጸልዩ «ትሬስፓስ» የሚል ቃል ያገኛሉ፡፡ ይኸው ቃል በአሜሪካ በየአጥሩ ላይ መግባት ክልክል መሆኑን ለማሳወቅ ተጽፎ ይታያል፡፡ ስለዚህ ልጆቹ «የሰው ግቢ ካልገባን ምን በደልን?» ብለው ቢጠይቁ አያስደንቅም፡፡

ቃሉ ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ «ተሻግሮ ማለፍ» ነው፡፡ በእንግሊዝ ሕግ ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ይዞታ መግባትን፣ በጸሎት ደግሞ ማንኛውንም በደል ያመለክታል፡፡ በእኛም ቋንቋ «ተላለፈ» የሚለው ቃል ከ«አለፈ» የወጣ ነው፤ «ሕግ ጣሰ» ስንልም አጥር ጥሶ የሚገባን ሰው ያስታውሰናል፡፡

በግእዙ ጸሎት በዚህ ስፍራ የምንለው «አበሳ» እና «ጌጋይ» ነው፡፡ በማቴዎስ ወንጌል የሚገኘው የግሪክኛው ቃል ግን ቀጥተኛ ፍቺው «ዕዳ» ነው (ማቴ. 6፥12)፡፡ ድንበርም ዕዳም ባለቤት አላቸው፤ በባልንጀራችን ላይ የምንፈጽመው በደልም እንዲሁ ተበዳይ አለው፡፡ ዘኬዎስ ጌታችንን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ በማታለል የወሰደውን አራት እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ የተናገረው ስለዚህ ነው (ሉቃ. 19፥8)፡፡ ተጸጽቶ የቀማውን ይዞ መቅረት ንስሓን ጎዶሎ ያደርገዋልና፡፡

እንግዲህ ልጆቻችንን ይህን ጸሎት ስናስተምር በቃሉ ፍቺ ብቻ አንወሰን፡፡ «ማንን በደልሁ? ምንስ ልመልስ?» ብለው ራሳቸውን እንዲመረምሩ እናስተምራቸው፤ እኛም አስቀድመን እናድርገው፡፡

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፡፡