የዓሣ ነባሪው አክታ

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ በአብዛኛው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ስለሆነ በየቀኑ የምቀበለው አክታ ነው። ዓሣ ነባሪ ያየሁት በቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ ሆኖም ትንፋሹን በድሮን ቀልበው እንደሚመረምሩት ሳነብ የሙያ ባልደረባ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ ስለ ድሮኑ ያወራል። እኔ የምጠይቀው ሁልጊዜ የምጠይቀውን ነው፦ ናሙናው ይታመናል ወይ?

ዓሣ ነባሪ ስሙ ዓሣ ይባል እንጂ እንደኛው አጥቢ ነው። ሳንባ ስላለው አየር ለመሳብ የግድ ከውሃ ብቅ ማለት አለበት፤ አፍንጫውም አናቱ ላይ ነው። ብቅ ሲል በሳንባው ካለው አየር ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን ባንድ ትንፋሽ ያስወጣል። እኛ ቁጭ ብለን ስንተነፍስ የምንቀይረው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉን ነው። ከሩቅ የሚታየው ነጭ ጭጋግ የትንፋሽ እርጥበት፣ ከአፍንጫው ላይ የተፈናጠረ የባሕር ውሃና ከውስጥ የወጣ ንፍጥ ድብልቅ ነው። ንፍጡ ውስጥ ዲኤንኤ፣ ሆርሞን፣ ባክቴሪያና ቫይረስ አለ።

ቀድሞ የዓሣ ነባሪን ውስጣዊ ነገር ማወቅ የፈለገ የታደነውን ሬሳ ይቀድድ ነበር። ጃፓን በአንታርክቲካ ባሕር ስታድን ለምርምር ነው ትል ነበር፤ በ2014 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ምክንያቱን ሳይቀበለው ቀርቶ ፈቃዶቹ እንዲሰረዙ ወሰነ። ለዘብ ያለው ዘዴ በቀስት ወርውሮ ትንሽ ቆዳና ስብ መውሰድ ነው። ለዚያም በጀልባ ማሳደድ አለ፤ ጭንቀቱን ልለካ ብለህ ራስህ ታስጨንቀዋለህ።

ኢየን ኬር የሚባለው ተመራማሪ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እንዲህ ሲያሳድድ፣ ዓሣ ነባሪው አምልጦት ጠለቀና ትንፋሹን አልብሶት ሄደ። የሚሸት፣ የሚያጣብቅ ነገር ነበር። ኬር ግን ስፈልገው የነበረው ይሄው አይደል እንዴ አለና ስኖትቦት የተባለውን ድሮን ወደ ማዘጋጀት ገባ። ከሱ በፊት ካሪና አሴቬዶ ዋይትሃውስና ባልደረቦቿ በሬዲዮ የሚመራ ትንሽ ሄሊኮፕተር ላይ የላቦራቶሪ ሳህን አስረው ሞክረውት ነበር። በ2010 ኢግ ኖቤል ተሸለሙበት፤ ይህ ሽልማት መጀመሪያ የሚያስቅ፣ ቀጥሎ የሚያሳስብ ምርምር ለሠሩ የሚሰጥ ነው። እኔን አላሳቀኝም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። በሙያዬ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፦ በሽተኛው አክታ አምጣ ሲባል ምራቁን እንትፍ ብሎበት ይመጣል። በምራቅ ላይ "ኔጋቲቭ" ብለህ ብትጽፍ ውጤቱ ምንም አልነገረህም። ዓሣ ነባሪውማ "ደህና አድርገህ ሳል" ተብሎ አይታዘዝ ነገር።

መፍትሔዎቹ ሲታዩ ግን ሰዎቹ ቀልደኞች አይደሉም። አውስትራሊያዊቷ ቫኔሳ ፒሮታና ቡድኗ የድሮኑን ሳህን ክዳን አበጁለት፤ ከትንፋሹ በላይ ሲደርስ ይከፈታል፣ ወዲያው ይዘጋል፤ በመንገድ ላይ ያለ ነፋስ አይገባበትም። በዚህ መንገድ ሃምፕባክ ከሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ከዚህ ቀደም የማይታወቁ 6 ቫይረሶች ተገኙ። በ2017 ደግሞ በአሜሪካ የዉድስ ሆል የባሕር ምርምር ተቋም ተመራማሪ ኤሚ አፕሪልና ባልደረቦቿ ከ26 ሃምፕባኮች ትንፋሽ ሲሰበስቡ የባሕሩን ውሃም ለብቻው ቀድተው ለማወዳደሪያ መረመሩት። እንዲህ ሲለይ በሁሉም ዘንድ የሚገኙ 25 ዓይነት ባክቴሪያዎች ወጡ። ከፊሎቹ እንስሳት የተገኙት አሜሪካ አትላንቲክ ዳርቻ፣ ሌሎቹ ካናዳ ፓስፊክ ዳርቻ ስለሆነ፣ ይህ የጤነኛ ሳንባ መልክ ሊሆን ይችላል።

በጣም የወደድኩት የዩሪያውን ዘዴ ነው። ገበሬው በማዳበሪያነት የሚያውቀው ዩሪያ በደም ውስጥም አለ፤ መጠኑም ብዙ አይዋዥቅም። ስለዚህ በናሙናው ውስጥ ዩሪያው ካነሰ ውሃ በዝቶበታል ማለት ነው፤ የሆርሞኑ ቁጥር በዚያ ልክ ይስተካከላል። ኤልዛቤት በርጌስና የቦስተን ባልደረቦቿ በ2018 ይህን ያሳዩት ራይት ዌል በሚባሉት የሰሜን አትላንቲክ ዓሣ ነባሪዎች ላይ ነው። ከድሮኑ ይልቅ ሽልማት የሚገባው ለዚህ ነበር።

የሰው ውጤት ሲጻፍ ከጎኑ ጤነኛው መጠን ይሰፍራል። ለዓሣ ነባሪ እንዲህ ያለ የተሟላ ሰንጠረዥ ስለሌለ ያንኑ እንስሳ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል። ደግነቱ ራይት ዌሎች በራሳቸው ላይ ባለው ሻካራ ቆዳ ቅርጽ አንድ በአንድ ተለይተው ተመዝግበዋል፤ የቀሩት ከ400 በታች ናቸው። መርከብ ይገጫቸዋል፣ የዓሣ ማጥመጃ ገመድ ይጠፍራቸዋል፣ የሚወልዱትም ጥቂት ነው።

ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን እርግዝናን ይጠቁማል። በነሐሴ ትንፋሿ ያረገዘች መሆኗን ያሳየ እናት፣ የመውለጃው ወቅት ሲያበቃ ፍሎሪዳ አካባቢ ከሚወልዱት መካከል ያለ ግልገል ከታየች፣ ጽንሱ ወይም ግልገሉ ጠፍቷል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ያለ ትንፋሹ ምርመራ ግን ጭራሽ ካላረገዘችው ጋር "ያልወለደች" ተብላ ባንድ መስመር ትመዘገባለች። ያላረገዘችውን በቂ ምግብ አግኝታ እንደሆነ፣ አርግዛ የነበረችውን ምን እንደደረሰባት መጠየቅ ሲገባ።