ቤትን በቁም ማሰናዳት

(ዕድሜያቸው ለገፋ ወላጆችና ለልጆቻቸው)

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ እጁ ባዶ እንደ ነበረ፣ ሲሰናበትም ባዶውን እንደሚሄድ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው በመጀመሪያው መልእክት፣ በምዕራፍ 6 አስተምሮናል። ይህ ትምህርት በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሁላችንም ራሳችንን እየነቀነቅን እንሰማዋለን። ዳሩ ግን ከቅዳሴ ተመልሰን የቤታችንን በር ስንከፍት አስቀድሞ የሚቀበለን የዕቃ ክምር ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ክምር፣ ይልቁንም በእርጅና ዘመን ከሰፊ ቤት ወደ ጠባብ ቤት መዛወር ግድ ሲሆን ስለሚደርሰው ጭንቀትና ስለ መፍትሔው ጥቂት ለመናገር የታሰበ ነው።

አንድ ቤተሰብ አርባና ሃምሳ ዓመት ወደ ኖረበት ቤት የገባ እንግዳ የሚያየውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በማድ ቤቱ ጥግ ከንፈራቸው የተሸረፈ ጋኖችና እንስራዎች ተደርድረዋል፤ ከቆጡ ላይ ክዳኑ የጠፋ ሞሰብ፣ እጀታው የወለቀ ብረት ድስት፣ የተሰነጠቀ ምጣድ ተቆልሏል፤ ከአልጋው ሥር ባዶ ጠርሙስ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ታጭቋል፤ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ማንም የማይለብሰው ኮትና ብል የበላው ካባ ተንጠልጥሏል። በባሕር ማዶ የሚኖሩ ልጆች በየጊዜው በሻንጣ የሚልኩት ልብስና የማብሰያ ዕቃም «ለደኅና ቀን ይሁን» ተብሎ ከነላስቲኩ ይቀመጣል። ደኅናው ቀን ሳይመጣም እርጅና ይቀድማል።

ይህ ሁሉ የስስት ፍሬ ነው ብለን ለመፍረድ አንቸኩል። የዕቃ መብዛት የራሱ ምክንያቶች አሉት። አንደኛው ችግርን ማየት ነው። በደርግ ዘመን ስኳርና ዘይት ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ እየተሰፈረላት ልጆች ያሳደገች እናት፣ ዛሬ አንዲት ባዶ ጠርሙስ ስትጣል ብታይ ልቧ አይፈቅድላትም። ሁለተኛው ክርስቲያናዊው ማኅበራዊ ኑሯችን ነው። ለማኅበር ጠላ መጥመቅ፣ ለዝክር እንጀራ መጋገር፣ ለተዝካር ካህናትንና ነዳያንን ማብላት የለመደ ቤት፣ ለአምስት ሰው ብቻ የሚበቃ ዕቃ ይዞ አይኖርም፤ ለመቶ ሰው የሚሆነውን ይዞ ይኖራል እንጂ። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበረታው ትዝታ ነው። የሟች ባል ባርኔጣ፣ በሕፃንነቱ ያረፈ ልጅ ጫማ ለሌላው ሰው ዕቃ ነው፤ ለባለቤቱ ግን ከዕቃነት ያልፋል።

ምክንያቱ እንዲህ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ ጉዳቱን ሸፍኖ ማለፍ ወዳጅነት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ሳይታሰብ በሚደርስ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡ ሰዎች መካከል ከመንገድ አደጋ ቀጥሎ ብዙዎቹን የሚገድላቸው መውደቅ ነው፤ በመውደቅ ለሞት የሚዳረጉትም ይልቁንም ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያለፈ ናቸው። ዐይኑ የደከመ ሽማግሌ ሌሊት ለጸሎት ሲነሣ እግሩን የሚያደናቅፈው የራሱ ዕቃ ነው። በክምሩ ውስጥ አይጥ ይራባል፤ ብልና ሻጋታ ደኅናውን ልብስ ያበላሻል፤ ከከሰል ምድጃ አጠገብ የተከመረ ወረቀትና ጨርቅ እሳት ይጠራል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ባለቤቱ ካረፈ በኋላ የሚመጣው ነው። የእናታቸው ተዝካር ሳይወጣ በአንድ ሞሰብ የሚጣሉ ወንድምና እኅት ማየት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም።

ለሌላው ምክር ከመስጠት አስቀድሞ የራስን ጥፋት መናዘዝ ይገባልና የሠራሁትን ልናገር። እናቴ 78 ዓመቷ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። እናቴ በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግባ ነበርና፣ ከረዥም ጊዜ በኋላ ዕጣው ደርሷት፣ ልጆቿን አሳድጋ ከዳረችበት ከቀበሌ ቤት ወጥታ ባለ አንድ መኝታ ወደ ሆነ ቤት የምትገባበት ጊዜ ቀረበ። እኔም የበኩር ልጇ እንደ መሆኔ ሥራውን በአንድ ቅዳሜ ልጨርሰው ቆረጥሁ። እርሷ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ሰዓት «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረውንና ልዋጩን ጠራሁ፤ ለአንዱ የዛገውን ሸጥሁለት፤ ለሌላው አሮጌውን ልብስ ሰጥቼ አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ተቀበልሁ። በልቤም እናቴን ያሳረፍኋት መስሎኝ ደስ አለኝ።

እናቴ ተመልሳ የልብስ ሣጥኑ ባዶ መሆኑን ባየች ጊዜ አልጮኸችም። ከአጠገቡ ቁጭ ብላ «በአሮጌው ጋቢ የተጠቀለለውንስ?» አለችኝ። ጋቢውን ሳልፈታ መስጠቴን ነገርኋት። በዚያ ጋቢ ውስጥ የነበረው ለግንዘቷ ያስቀመጠችው ነጭ ኩታ ነበር፤ ጥጡን ራሷ ፈትላ ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው፣ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ፀሐይ እያስመታች ወደ ሣጥኑ የምትመልሰው ነው። በማግሥቱ ልዋጩን ፍለጋ ሰፈሩን ሁሉ ዞርሁ፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ድረስም ወረድሁ፤ አላገኘሁትም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ምሳሌ ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ አስረድቼዋለሁ፤ ትርጉሙ ለእኔ የተገለጠልኝ ግን ያን ቀን ነው።

ከሳምንት በኋላ አዲስ ነጭ ጨርቅ ገዝቼ ባመጣላት ተቀብላ መረቀችኝ፤ ቀጥላም «ልጄ፣ ይህም ይሆናል፤ የእጄ ፈትል ግን አይደለም» አለችኝ። ከዚያም «ከእንግዲህ አንተ አትንካ፤ እኔ እሰጣለሁ፣ አንተ ትሸከማለህ» ስትል ሥርዐት ሠራችልኝ። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይኸው የእናቴ ቃል ነው።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ሊገባ የተቃረበበት ነበር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ስምንት ሳምንት ነው። ጾም ከምጽዋት ጋር ሊሆን እንደሚገባው አባቶቻችን ያስተማሩን ነውና፣ እናቴ ስምንቱን ሳምንታት ለቤቱ ስምንት ማዕዘን አደለቻቸው። በዘወረደ ግቢውን፣ በቅድስት ማድ ቤቱን፣ በምኩራብ ቆጡን፣ በመጻጉዕ ከአልጋ ሥር ያለውን፣ በደብረ ዘይት ቁም ሣጥኑን፣ በገብር ኄር ወረቀትና ሰነዱን፣ በኒቆዲሞስ የአባቴን መጻሕፍት፣ በሆሳዕና የቀረውን ሁሉ አየች። በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አትሠራም ነበር። ከፊቷም ሦስት ቅርጫት አኖረች፤ አንዱ ከእርሷ ጋር የሚሄድ፣ ሁለተኛው የሚሰጥ፣ ሦስተኛው የሚጣል ነው። ወዴት እንደምትከተው ልቧ ያልቆረጠለት ዕቃ ሲያጋጥማት ለሚቀጥለው ሳምንት ታሳድረዋለች እንጂ ራሷን አታስጨንቅም ነበር።

እንዲህ ደረጃ በደረጃ መስጠት የድካም ምልክት አይደለም። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው በአባ እንጦንስ ዜና ሕይወት እንደምናነበው፣ ያ ታላቅ አባት እንኳ ወንጌሉን በሰማ ጊዜ ርስቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጥቶ፣ ሌላውን ሸጦ ለድኆች ሲያካፍል፣ ለእኅቱ ብሎ ጥቂት አስቀርቶ ነበር። ያንን ያስቀረውን የሰጠው ስለ ነገ አለመጨነቅ የሚናገረውን ቃል በሌላ ጊዜ ከሰማ በኋላ ነው። ለእንጦንስ ሁለት ጊዜ ካስፈለገው፣ ለአንዲት የደከመች እናት ስምንት ሳምንት አይበዛም።

በነዚያ ሳምንታት ከእናቴ ሥራ የተማርሁትን ለአንባብያን እንዲጠቅም በአምስት ከፍዬ አቀርበዋለሁ።

1ኛ፤ ስለ ድግስ ዕቃ። ዛሬ በየሰፈሩ የሚገኘው እድር ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት አለው፤ ለአባሉም በኀዘን ጊዜ ያቀርባል። በብዙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢም እንጀራ የሚጋገርበትና ከብት የሚታረድበት የጋራ ቤት ተሠርቷል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ለመቶ ሰው የሚሆን ዕቃ ማከማቸት አያስፈልገውም። እናቴ ደኅነኞቹን ሦስት ጋኖች ለደብሩ ሰንበቴ ሰጠች፤ ዛሬ በየሰንበቱ ይሞላሉ። በማድ ቤቷ ጥግ ግን ለዓመታት ባዶአቸውን ቆመው ነበር።

2ኛ፤ ስለ ልብስ። ታላቁ ባስልዮስ ስለ ባለጸጋው ሰው ባስተማረው ትምህርት፣ በሣጥን ተቆልፎ የሚቀመጥ ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ መሆኑን ተናግሯል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 የተጻፈችው ጣቢታም ባረፈች ጊዜ፣ መበለቶች እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት ለእነርሱ የሠራችላቸውን ልብስ ነበር። ሆኖም ምጽዋት ሆኖ የሚሰጠው ልብስ አስቀድሞ ሊታጠብና ሊጠቀም ይገባዋል። ለገዛ ልጃችን የምናፍርበትን ለነዳይ መስጠት ከቤት ቆሻሻ ማስወጣት ነው እንጂ ምጽዋት አይባልም። ከመስጠት በፊትም ኪሱንና ጥቅሉን ፈትቶ ማየት ይገባል፤ ይህን የምናገረው ዋጋውን ከፍዬበት ነው።

3ኛ፤ ስለ መታሰቢያ ዕቃ። ሁሉን ማስቀመጥ አይቻልም፤ ሁሉን መጣልም ጭካኔ ነው። ከአንድ ሰው ዕቃ አንዱን መርጦ ማስቀረት መልካም መንገድ ነው። እናቴ ከአባቴ ዕቃ መቋሚያቸውን አስቀርታ ባርኔጣቸውን፣ ካፖርታቸውንና መነጽራቸውን ሰጠች። ሌላው ሲሰጥ ደግሞ የልጅ ልጆቿን ሰብስባ የእያንዳንዱን ታሪክ ነገረቻቸው፤ ትልቂቱ ልጅም በደብተር ጻፈችው። ዕቃው ሄደ፤ ነገሩ በቤት ቀረ።

4ኛ፤ ስለ ንዋያተ ቅድሳት። ያረጀ ሥዕለ አድኅኖ፣ የተቀደደ ውዳሴ ማርያም ወይም ዳዊት ከቆሻሻ ጋር ሊጣል፣ ለልዋጭም ሊሰጥ አይገባውም። ለደብሩ ካህን ወስዶ አሳይቶ እርሱ እንደሚያዝዘው ማድረግ ነው። የብራና መጽሐፍ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ይልቁን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 የአገር ቅርስ እንዲጠበቅ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለደላላ ከመሸጥ ይልቅ ለቤተ ክርስቲያን ወይም በ1936 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ዛሬ ወመዘክር ለምንለው፣ መስጠት ለትውልድ የሚተርፍ ሥራ ነው።

5ኛ፤ ስለ ኑዛዜ። ለነፍስ አባት መናዘዝ እንዳለ ሆኖ፣ የንብረትን ነገር በሕግ መንገድ መጻፍ ከጠብ ያድናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግልጽ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዝዛል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ግን ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ሰው በገዛ እጁ ጽሕፈት የሚያደርገው ኑዛዜም አለ፤ ይህ ሁሉንም ራሱ ተናዛዡ ሊጽፈው ይገባል። ብዙዎች የሚተማመኑበት በቃል የሚነገር ኑዛዜ ግን፣ ተናዛዡ ከተናገረው በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ይፈርሳል። ትንንሹን ዕቃ ግን በገዛ እጅ በቁም መስጠት ከሁሉ ይሻላል፤ ሰጪው የተቀባዩን ፊት ያያል፣ ተቀባዩም ምርቃት ይቀበላል።

እንግዲህ ለልጆች አንድ ቃል ልጨምር። ወላጆቻችን በሌሉበት ዕቃቸውን አናንሣ። ክምር መስሎ የሚታየን የአንድ ሰው ዕድሜ ነውና፣ ችኮላችን ለእኛ ጽዳት ቢመስለንም ለእነርሱ ከነሕይወታቸው የመውረስ ያህል ይከብዳቸዋል። እናትህ ሞሰቧን ስትሰጥህ «ምን ያደርግልኛል» ብለህ አትመልስባት፤ ቤትህ የማይበቃ ከሆነ በትሕትና አስረድተህ ከእርሷ ጋር ሌላ የሚቀበል ፈልግ። ለወላጆችም እንዲሁ፣ ጉልበት ሳለ፣ ዐይን ሳያይ ከመቅረቱ አስቀድሞ መጀመር ይገባል። ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ።

እናቴ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ወደ አዲሱ ቤቷ ገባች። ይዛ የገባችው አልጋዋን፣ አንድ ሞሰብ፣ ጀበናዋን፣ የእመቤታችንን ሥዕል፣ የአባቴን ዳዊትና መቋሚያ፣ ጥቂት ልብስና ያንን እኔ የገዛሁላትን ነጭ ጨርቅ ነው። ያ የፕላስቲክ ባልዲም አብሯት ገብቷል፤ ውኃ በሚጠፋበት ቀን ትሞላበታለች። ልጠይቃት በሄድሁ ቁጥር ከበሩ አጠገብ አየዋለሁ፤ እርሷ ስለ እርሱ አንድ ቀን እንኳ አንሥታብኝ አታውቅም።

ነቢዩ ኢሳይያስ ንጉሥ ሕዝቅያስን ቤቱን እንዲያሰናዳ ባዘዘው ጊዜ ንጉሡ በጽኑ ታሞ ነበር። እኛ ግን ጤና ሳለን ይህን ማድረግ እንችላለን። የምንሰጠውን በገዛ እጃችን የምንሰጥበትን ዕድሜና ጤና፣ ለልጆችም የሚሸከሙበትን ትዕግሥት እግዚአብሔር አምላክ ያድለን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን። አሜን።