ከካምደን እስከ ባዝ፦ እናቴ፣ ፍል ውሃውና የንጉሡ ቤት

እናትና አባቱን ለጉብኝት ወደ ለንደን ያመጣ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ነው። ዘመድ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ከአዲስ አበባ የመጣው በርበሬና ሽሮ ለጓደኛ ይከፋፈላል። በሁለተኛው ሳምንት ልጅ ወደ ሥራው ይመለሳል። እናት ደግሞ በመስኮት መንገዱን እያየች ትውላለች።

የእኔም እናት ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር ስትመጣ የሆነው ይኸው ነው። ካምደን ውስጥ ያለው ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ጉልበቷን ቁርጥማት ስለያዛት ደረጃውን ወጥታ በወረደች ቁጥር ሁለት ቀን ትተኛለች። አንድ ቀን ማታ የመታጠቢያ ገንዳውን በሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ «እማዬ፣ ግቢና ጉልበትሽን ዘፍዝፊው» አልኳት። እጇን ነክራ አየችና፣ «ይሄ በጋዝ የሞቀ ውሃ ነው። ከመሬት የሚፈላ ውሃ የላቸውም እንዴ እነዚህ ሰዎች?» አለችኝ።

አላቸው። ከለንደን ወደ ምዕራብ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዞ የሚደረስባት ባዝ የምትባል ከተማ ስሟም ሀብቷም ፍል ውሃ ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። እናቴን ይዤ አንድ ሌሊት አድሬ ለመመለስ ወሰንኩ።

ፍል ውሃ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከተማችን የተቆረቆረችው በእርሱ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ተራራ ሳሉ ብርዱንና ነፋሱን ሽሽት፣ ፊንፊኔ ይባል ወደነበረው ሜዳ እየወረዱ በፍል ውሃው ይታጠቡ ነበር። እቴጌይቱ ቦታውን ወደው በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠሩ። አዲስ አበባ ብለው ስም ያወጡላትም እርሳቸው ናቸው። እናቴም በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ፎጣና ሳሙና ይዘው፣ ፍል ውሃ ተራ ይጠብቁ እንደነበር ባቡሩ ውስጥ ስታጫውተኝ መጣች። ሶደሬንና ወንዶ ገነትንም አነሣች። ባቡሩ ፓዲንግተንን ከለቀቀ ጀምሮ ስለ ጉልበቷ አንድም ቃል አልተናገረችም።

የባዝ ውሃ ከምንጩ ሲወጣ ሙቀቱ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። በየቀኑ የሚፈልቀውም ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ነው። ሊቃውንቱ እንደሚሉት ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የዘነበ ዝናብ ወደ ምድር ጥልቅ ገብቶ፣ በዚያ ሞቆ፣ በአለት ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት ቤተ ጣዖትና መታጠቢያ ሠሩበት። ያ ሕንጻ ዛሬ ሙዚየም ነው። ትልቁ ገንዳ አረንጓዴ ውሃ እንደሞላ፣ እንፋሎቱ እየተነነ ይታያል እንጂ አይገባበትም። በ1978 (እ.ኤ.አ.) በከተማይቱ የፍል ውሃ ገንዳ የዋኘች አንዲት ልጅ በውሃው ውስጥ በነበረ ተሕዋስ ታማ በመሞቷ በምንጩ ውሃ መታጠብ ተከልክሎ ነበር። በኋላ በጥልቀት ተቆፍሮ ንጹሕ ውሃ ተገኘና በ2006 (እ.ኤ.አ.) ቴርሜ የሚባለው አዲስ መታጠቢያ ተከፈተ። ከሕንጻው ጣሪያ ላይ ያለው ገንዳ ከተማይቱን ቁልቁል ያሳያል።

ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። የመግቢያ ቲኬት ልቆርጥ ስል እናቴ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ አየች። ወንዱም ሴቱም በዋና ልብስ አንድ ገንዳ ውስጥ ቆሟል።

«እዚህ ውስጥ ነው የምታስገቢኝ? በዚህ ዕድሜዬ? ያውም በፍልሰታ?»

«እማዬ፣ ማንም አያውቅሽም እኮ።»

«እኔ ራሴን አውቀው የለ?»

መልስ አልነበረኝም። አንድ በጃፓን የኖረ ወዳጃችን የነገረኝ ትዝ አለኝ። በዚያ አገር ፍል ውሃ ኦንሰን ይባላል። ሰዎች ለዕረፍት የሚሄዱባቸው እንደ ቤፑ ያሉ የፍል ውሃ ከተሞች አሏቸው። እንግዳው ሪዮካን በሚባለው የባህል ማረፊያ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል። ዩካታ የተባለ ቀለል ያለ ልብስ ይሰጠዋል። በሣር ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ይበላል፣ በዚያው ላይ ፍራሽ ተነጥፎለት ይተኛል። ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት ግን ገላውን በሳሙና ታጥቦ መጥራት አለበት። ገንዳው ለመሞቂያ እንጂ ለእድፍ ማስለቀቂያ አይደለም። ወንዱና ሴቱም በአብዛኛው ለየብቻ ነው የሚታጠቡት። ይህን ስነግራት እናቴ፣ «እነዚያስ ጨዋዎች ናቸው። ምነው ወደዚያ በወሰድሽኝ» አለች።

እኔም ብቻዬን አልገባም ብዬ ተውኩት። በሮማውያኑ ሙዚየም ጉብኝቱ ሲያበቃ ግን የምንጩን ውሃ መቅመስ ይቻላል። ለብ ያለ ነው፤ ጨውና ብረት ብረት ይላል። እናቴ አንድ ጊዜ ተጎንጭታ ፊቷን አኮማተረች። «ማን ባረከው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጠበል አለመሆኑን ስነግራት፣ «እንግዲያው ለመጠጥ አይሆንም» አለችና ነጠላዋን ጫፉን ነክራ፣ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አሸችው። አላፊ አግዳሚው ሲያያት ግድም አልሰጣት።

ያደርነው በአንድ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ባለቤቲቱ በዕድሜ ከእናቴ ብዙም የማያንሱ ሴት ናቸው። ጠዋት የእንግሊዝ ቁርስ ሊያቀርቡ ሲሉ ስለ ጾሙ አስረዳኋቸው። ሥጋውንና እንቁላሉን ትተው ቲማቲም፣ እንጉዳይ፣ ቦሎቄና ያለ ቅቤ ዳቦ ይዘው መጡ። እናቴ የመድኃኒት ሰዓቷ ስለሆነ ቀመሰች። ሁለቱ ሴቶች ቋንቋ ሳይግባቡ ስለ ጉልበት ሕመም በእጅ ምልክት ሲያወጉ ሻይው ቀዘቀዘ። በለንደን አንድ ወር ሙሉ ከእኔና ከዘመድ በቀር ከማንም ጋር እንዲህ ስታወራ አላየኋትም ነበር።

ከዚያ ወደ ንጉሡ ቤት ሄድን። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በፋሺስት ወረራ ምክንያት በ1928 ዓ.ም. ከአገር ከወጡና በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ከተናገሩ በኋላ፣ በዚያው በ1936 (እ.ኤ.አ.) በነሐሴ ወር ለዕረፍት ወደ ባዝ መጡ። መጀመሪያ ያረፉት በስፓ ሆቴል ነው። ከተማይቱን ወደዷትና ከመሃል ከተማ በስተምዕራብ፣ ኬልስተን መንገድ ላይ ያለውን ፌርፊልድ የተባለ ቤት ገዙ። እስከ 1940 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ኖሩበት። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን መጽሐፋቸውንም መጻፍ የጀመሩት በዚያ ነው።

ኑሮው የተመቸ አልነበረም። የብር ዕቃቸው በጨረታ ተሸጧል። እቴጌ መነን የእንግሊዝን ብርድ ስላልቻሉት ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። በ1938 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያን ግዛት በይፋ ባወቀ ጊዜ፣ ንጉሡ በለንደን ፍርድ ቤት የያዙት የገንዘብ ክርክር ሳይቀር በዚያው ምክንያት ከእጃቸው ወጣ። ልዕልት ፀሐይ ደግሞ እዚሁ በእኛ በካምደን ወረዳ፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረዋል። ስንቶቻችን በዚያ በር በየቀኑ እናልፋለን!

ንጉሡ በ1940 (እ.ኤ.አ.) ወደ ሱዳን ሄደው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በ1954 (እ.ኤ.አ.) ባዝን ሲጎበኙ ከተማይቱ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው። በ1958 (እ.ኤ.አ.) ቤቱን አዛውንት እንዲጠቀሙበት ለከተማይቱ በስጦታ አበረከቱ። ዛሬም በቤቱ የልዩ ልዩ አገር ተወላጅ የሆኑ አዛውንት ይገናኙበታል።

ስለ ዐፄው ያለን አስተያየት የተለያየ ነው። እናቴ ራሷ በዘመነ መንግሥታቸው የደረሰባትን ደጉንም ክፉውንም ስትናገር ነው ያደግሁት። በዚያ ቤት ደረጃ ላይ ስትቆም ግን የተናገረችው ስለ ፖለቲካ አልነበረም። አትክልቱን፣ ከበስተጀርባ ያለውን ኮረብታ አየችና፣ «አራት ዓመት!» አለች። «እኔ አንድ ወር አቃተኝ። እሳቸውስ ቢሆኑ በዚህ መስኮት ነበራ መንገዱን የሚያዩት!»

በወር ውስጥ ብቻዋን እንደከረመች ነግራኝ አታውቅም ነበር። እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ጉልበቷ ነው የሚያማት ብዬ ነበር የማስበው።

ወደ ባቡር ጣቢያው ስንመለስ ደግሞ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ። «ቤቱን ለሽማግሌ ሰጥተው ሄዱ። እናንተ እዚያ ካምደን ይህን ያህል ዓመት ስትኖሩ ሽማግሌዎቻችሁ የሚሰበሰቡት የት ነው?» ሬስቶራንት አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ ብዬ ልመልስላት ፈለግሁ። ነገር ግን ሬስቶራንት ገንዘብ ላለው፣ ቤተ ክርስቲያንም ለእሑድ ነው። በማክሰኞ ቀትር ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጠች እናት የት ትሂድ?

እናቴ መስከረም ሲጠባ ተመልሳ አገሯ ገብታለች። ከመሄዷ በፊት ግን ከሠፈራችን አራት እናቶች ጋር አስተዋውቄያት፣ በየማክሰኞው ተራ በተራ በአንዳቸው ቤት ቡና ይጠጡ ነበር። እርሷ ከሄደች በኋላም ቡናው አልቀረም።

ውድ አንባብያን፤ ወላጅ ወይም አረጋዊ ዘመድ ያላችሁ አንድ ቅዳሜ ባዝን አሳዩአቸው። ከካምደን ታውን በኖርዘርን መሥመር ኪንግስ ክሮስ፣ ከዚያ ፓዲንግተን ነው። ገንዘብ ለሚቆጥብ ከቪክቶሪያ አውቶቡስ አለ፤ ጊዜ ግን ይወስዳል። የባቡር ቲኬት ቀደም ብሎ ከተገዛ ይረክሳል። ፌርፊልድ ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሆናችሁ ሚኒባስ ብትከራዩ ደግሞ ለአዛውንቱ ደረጃና መተላለፊያ አይኖርባቸውም።

መሄድ ለማይቻለውም ቡናው አለ። ፍል ውሃው እዚያው ባዝ ነው፤ ሙቀቱን ግን ከቤታችን መጀመር እንችላለን።