ዓሣን በመጠበቅ ሥራ ስለሚለማመዱ ተማሪዎች

በአዲስ አበባ ከተማ ከፒያሳ ወደ ምሥራቅ ጥቂት በተሄደ ጊዜ፥ በአራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ ይገኛል። ይህ ስፍራ በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት የተጀመረበት ሲሆን፥ ዛሬ የዓሣና የውሃ እንስሳት ጥናት በከፍተኛ ደረጃ ይሰጥበታል። ነገር ግን ዓሣን በመጽሐፍ ማወቅና በሕይወት አቆይቶ መጠበቅ ልዩ ልዩ ነገር ስለ ሆነ፥ ከተማሪዎቹ መካከል ከከተማው በስተ ደቡብ ምዕራብ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ሰበታው የዓሣ ምርምር ማዕከል ሄደው በኩሬና በገንዳ የሚለማመዱ አሉ።

ከብት ጠባቂ በረቱን እንደሚጠርግ፥ ዓሣ ጠባቂም አስቀድሞ ውሃውን ሊጠብቅ ይገባዋል። የቧንቧ ውሃ የሚጣራበት ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ይጐዳልና፥ ውሃው ተቀድቶ ሳያድር ዓሣ አይጨመርበትም። ምግብም ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ፥ የተረፈው በስብሶ አሞኒያ የሚባለውን መርዝ ያወጣል። በኩሬ ውስጥ ያለው አየር ሌሊቱን እያነሰ ሄዶ ጎሕ ሲቀድ እጅግ ይጐድላል፤ ስለዚህ ዓሣዎቹ በማለዳ ወደ ውሃው ፊት ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ቢታዩ፥ ምግቡን አቁሞ አዲስ ውሃ መጨመር ያስፈልጋል። ሴቲቱ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ በመረብ ብትታወክ ግን ትተፋዋለችና፥ ተማሪው እጁን ማለዘብን ይማራል።

ደግሞ ቆሮሶ ደኅና የሚያድገው የውሃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ከ20 በታች እድገቱ ይዘገያል፤ ወደ 10 ሲቀርብም ይሞታል። እንግዲህ የደጋ ውሃን ሙቀት ሳይለኩ የቆሮሶ ጫጩት መጨመር፥ ገንዘብን በውሃ ውስጥ መጣል ነው።

ስለዚህ ገዢዎችና የወረዳ ሹማምንት፥ ባለይዞታዎችም፥ ኩሬ ከማስቆፈራቸው በፊት ይህን ሥራ የተለማመደ ተማሪ ጠይቀው ለጥቂት ወራት ቢያስተናግዱ እጅግ ይጠቀማሉ። ለተማሪው ማደሪያ፥ የሙቀት መለኪያና የዕለት መዝገብ ይሰጠው፤ ከአገሩ ገበሬዎችም ሁለት ሰዎች አብረውት ይዋሉ። ተማሪው ወደ ትምህርቱ ሲመለስ ዕውቀቱ በስፍራው የሚቀረው በእነዚህ ሰዎች ነው። በመጀመሪያ ውሃው ይለካ፥ ቀጥሎ ጠባቂው ይልመድ፥ ዓሣውም በመጨረሻ ይምጣ። ይህ ሥርዓት የተገለበጠ እንደ ሆነ፥ ኩሬው ባዶ፥ ገበሬውም ተስፋ የቆረጠ ሆኖ ይቀራል።